ደረሰብህ ወይስ አደረስክ?

ቅጹ አራት ገጽ ነው። ሦስቱን ሳላስብ ሞላኋቸው። ስም፣ አድራሻ፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፤ ሊብሬው ላይ ያለውን መገልበጥ ነው። አራተኛው ገጽ መሃል ላይ ግን እንዲህ የምትል ጥያቄ ተቀምጣለች፦ «ባለፉት ሦስት ዓመታት መኪናውን የሚያሽከረክረው ሰው ያደረሰው አደጋ ወይም የተቀጣበት ከባድ የትራፊክ ጥፋት አለ? ካለ ይግለጹ።» ከሥሯ ሁለት ባዶ መስመር አለ።

እስክሪብቶዬ እዚያ ቆመ። ለገሀር አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። በመስኮቱ የባቡሩ ድልድይ ይታያል። ድልድዩን ተከትሎ ወደ ስታዲየም የሄደ ሰው፣ ብዙም ሳይርቅ፣ እኔ ያን ማታ መኪናዬን ካቆምኩበት ቦታ ይደርሳል። አቆምኩ እላለሁ እንጂ መኪናው የቆመው ሰው መትቶ ነው።

ያን ቅጽ ከሞላሁ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላ ነው። ቅጣቱ ተከፍሏል፣ ከሰውየው ጋር ታርቀናል፣ መንጃ ፈቃዴም ተመልሷል። ያቺ ሁለት መስመር ግን አልለቀቀችኝም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያቺ ማታ

ስለ ማታው ብዙ አልልም። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። የአንድ ባልደረባችን ሹመት ነበርና ቦሌ መንገድ ላይ ካለ ቤት ተሰብስበን አመሸን። ሦስት ድራፍት ጠጣሁ። ከዚያ ግብዣ ሲመጣ «እምቢ» ማለት ከብዶኝ ሁለት ቢራ ጨመርኩ። አራት ሰዓት አካባቢ ተነሳሁ። «ትነዳለህ?» ያለኝ አልነበረም፤ ቢኖርም «ምን ሆኛለሁ?» ብዬ እመልስ ነበር።

መስቀል አደባባይን አልፌ ወደ ስታዲየም ስጠጋ መብራቱ ቢጫ ነበር። አልፈዋለሁ ብዬ ረገጥኩ። ስደርስ ቀይ ሆኗል። ጥቁር ጥላ የያዘ ሰው አየሁ። ፍሬን ያዝኩ፤ ጎማው ተንሸራተተ። ኮፈኑ ጎበጠ፣ ፓራውልቱ ለሁለት ተከፈለ፣ የቀኝ ፍሬቻው ረገፈ።

አያችሁ? መጀመሪያ የነገርኳችሁ ስለ መኪናው ነው። ያን ማታም እንዲሁ ነበርኩ። ወርጄ በመጀመሪያ ያየሁት ፓራውልቱን ነው። ከመውረዴ በፊት ደግሞ፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል፣ ዝም ብዬ ልንዳ ወይ ብዬ አስቤያለሁ። ይህን ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ዘግይቼ ነው።

ሰውየው የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። ሃምሳውን አልፈዋል። ወደ ማታ ተራቸው በእግር እየሄዱ ነበር። ቀኝ ቅልጥማቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ትራፊክ መጣ፣ ፕላን አነሳ፣ ከዚያ የትንፋሽ መመርመሪያውን አፌ ላይ ደቀነ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል ያገሬ ሰው። የእኔ ሆድ ያባው ራሱን ብቅሉን ነበር፤ ያወጣው ማሽኑ ነው። ከተፈቀደው በላይ።

ጣቢያው፣ ዋሱ፣ ክሱ፣ ቅጣቱ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ ያለፉት ወራት፤ እነዚህን እዘላቸዋለሁ። ከባድ ነበሩ፣ ግን አልፈዋል።

«እንኳን ተረፍክ»

በማግስቱ ቤቴ ሰው ሞላ። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ታለቅሳለች። «ዓይን ነው» አለች አክስቴ። ጎረቤታችን ጋሼ «የብረት ነገር እንዲህ ነው፤ እንኳን አንተ ተረፍክ» አሉኝ። ባልደረቦቼ ብርቱካን ይዘው መጡ። ብርቱካን! ምንም አልሆንኩም እኮ። አንድ ጭረት የለብኝም። ብርቱካኑን በልቼ ልጣጩን ስሰበስብ እንኳ ነገሩ አልታየኝም ነበር።

ሆስፒታል ስሄድ ደግሞ የሰውየው ወንድም በር ላይ ተቀበለኝ። ይመታኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እጄን ጨብጦ «ያለ እሱ ፈቃድ የሚሆን የለም» አለኝ። በኋላ ሽማግሌ ገባ። የሕክምናውን ቻልኩ፣ ከሥራ የቀሩበትን ደመወዝ ከፈልኩ፣ ዕርቅ አወረድን፣ ቡና ተፈላ። በዚያ ሁሉ መሃል «ጠጥተህ ነድተህ ሰው ሰበርክ» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ደጋግ ሰዎች መሃል ነው የተፈጠርኩት ብዬ አመሰገንኩ። አሁንም ደጋግ ናቸው።

ቋንቋችንም ረድቶኛል። ለአለቃዬ ስደውል ያልኩት ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፦ «ትናንት ማታ አደጋ ደረሰብኝ።» ደረሰብኝ! አውቶቡስ እንደሚደርስ፣ እንግዳ እንደሚደርስ፣ አደጋው ከሆነ ቦታ ተነስቶ እኔ ዘንድ ደረሰ። እኔ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው ነበር ማለት ነው። አለቃዬ «አይዞህ» አለኝ። አልጋ ላይ እግራቸው በጀሶ ታስሮ የተኙት ሰውዬም ለአለቃቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። «ትናንት ማታ አደጋ ደረሰብኝ።» ሁለታችንም አንድ ዓረፍተ ነገር ስንካፈል ሰነበትን።

ከቢሮ ቢሮ

መኪናዋ ሙሉ መድን ነበራት። የገዛኋት በባንክ ብድር ስለሆነ ባንኩ ያለ ሙሉ መድን አያበድርም። እናም የጋራዡን የዋጋ ግምት ይዤ ወደ መድን ድርጅቴ ሄድኩ። የማንን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የትም ብሄድ መልሱ ያው ነበር። ውሉን ገልጠው አንዲት አንቀጽ አሳዩኝ። አሽከርካሪው መጠጥ ጠጥቶ ከሆነ ለመኪናው ጉዳት አይከፈልም። አምስት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት ውል ነው። ያን ቀን ቤት ገብቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ።

ለተጎጂው በሦስተኛ ወገን በኩል ከፈሉ። ከዚያ ለእኔ ደብዳቤ መጣ፤ በውሉ መሠረት የከፈልነውን መልስልን የሚል። ይህንንም አላውቅም ነበር። ሦስተኛ ወገን ማለት እኔን ከዕዳ የሚያወጣኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ የተዘጋጀው ለተገጨው ሰው ነው። እሱ ካሳውን ለማግኘት እኔ እስክከፍል እንዳይጠብቅ ነው። እኔ ከሰከርኩ ደግሞ ዞሮ ወደ እኔ ይመጣል።

ጥር ላይ ውሉ አለቀ። አናድስም አሉኝ። ባንኩ በበኩሉ የታደሰውን ውል ኮፒ አምጣ ይላል። መዞር ጀመርኩ። አንደኛው ቦታ ፋይሌን እንደሰሙ «ኃላፊው የለም» አሉኝ፤ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ ኃላፊው ሦስቱንም ቀን አልነበረም። ሁለተኛው ቦታ «ሦስተኛ ወገን ብቻ እንሰጥሃለን፣ ለቦሎ ይበቃሃል» አሉኝ። ለቦሎ ይበቃል፤ ለባንኩ ግን አይበቃም።

በዚህ መሃል አንድ የማውቀው የኢንሹራንስ ኤጀንት ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለች ካፌ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ጥሩ ልጅ ነው። ምክሩም የመጣው ከደግነት ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ራስህ እኮ ነህ እያወራህ የምትዘጋው» አለኝ። «ማን ጠየቀህ? ቅጹ ላይ የለም ብለህ ጻፍ። የእነሱ ኮምፒውተር ከትራፊክ ጋር አይነጋገርም። ካልሆነም በሚስትህ ስም አዙረው። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ይህን ስሰማ ቀለለኝ ብል አልዋሽም።

ያን ማታ ግን የንግድ ሕጉን አወጣሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከጥበቤ ሳይሆን ከፍርሃቴ ነው ያነበብኩት። የ1952ቱ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድን ክፍሉ አልተነካም፤ እስከ ዛሬ የምንዳኘው በአሮጌው ነው። አውቆ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣል ይላል። ለመድኑ የከፈለውን ገንዘብ፣ አረቦኑንም፣ አያገኝም። ማለትም «የለም» ብዬ ብጽፍ በየዓመቱ እየከፈልኩ፣ ስቲከሩን መስታወት ላይ ለጥፌ፣ በእውነቱ ግን ያለ ሙሉ መድን እነዳለሁ። የሚታወቀው ደግሞ ሌላ አደጋ የመጣ ቀን ነው፤ ያን ቀን ፋይል የሚያገላብጥ ሰው አይጠፋም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲባል ደስ የሚል ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ሌሊት ግን አስፈራኝ።

ሁለቱ መስመሮች

ሦስተኛው ቢሮ ለገሀር ያልኳችሁ ነው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጡት ሴትዮ ለጡረታ የደረሱ ይመስላሉ። መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከጎናቸው የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ሳህኑን ከላይ ገልብጠው ከድነውታል። ቅጹን ሰጡኝና «እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይሙሉ» አሉኝ።

አራተኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። መዋሸት ፈራሁ፤ እውነቱን መጻፍም ፈራሁ። ሰው እንዲህ ሲሆን መሃል መንገድ ይፈልጋል። እኔም አገኘሁ። እንዲህ ጻፍኩ፦ «በሐምሌ ወር ስታዲየም አካባቢ ቀላል አደጋ ደርሶብኛል።» አንድም ውሸት የለበትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሐምሌ ነው፣ ስታዲየም ነው፣ አደጋ ነው። ወስጄ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ጣታቸው መስመሯ ላይ ቆመ።

«ይህ አደጋ ደረሰብዎ ወይስ አደረሱ?»

«ያው… አደጋ ነው። ማታ ነበር፣ ዝናብ ነበር…»

«እሱ ገብቶኛል። ደረሰብዎ ወይስ አደረሱ?»

«መንገዱም እንደምታውቁት…»

መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸው አልከረረም። «ልጄ» አሉኝ፣ «ደረሰብህ ወይስ አደረስክ?»

ስንት ሰከንድ ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ከኋላዬ አንድ ሚኒባስ ያለው ሰው ተራውን ይጠብቃል፤ ቁልፉን ያንቀጫቅጫል። ውጭ ባቡሩ አለፈ። በመጨረሻ «አደረስኩ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው። ያቺን ቃል በዚያች ግስ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የተናገርኳት። ፍርድ ቤት እንኳ የተጠየቅኩት «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ተብዬ ነው፤ «አዎ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። «አዎ» ግስ የለውም።

ሴትዮዋ የሚገስጹኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ምንም አላሉም። ለካ የፈለጉት ንስሐዬን አይደለም። መዝገባቸው ላይ ሁለት ዓምድ አለ። ደረሰብኝ ካልኩ ከፋዩ የሌላው ሰው መድን ነው። አደረስኩ ካልኩ ከፋዩ የእኔ ነው። «ለእኔ ሁለቱ የተለያየ ዓምድ ነው፤ ከተሳሳተ ሂሳቡ አይገጥምም» አሉኝ። ያ ብቻ ነው። ለአንድ የሂሳብ ሠራተኛ! ስንት ጀማሪ ወጪን ገቢ ላይ ጽፎ ጮኼበታለሁ። እኔ ራሴ ግን ስድስት ወር ሙሉ በተሳሳተ ዓምድ ተቀምጬ ብርቱካን ስበላ ነበር።

ልሰርዘው እስክሪብቶ ሳነሳ «ስርዝ ድልዝ አንቀበልም» አሉና አዲስ ቅጽ ሰጡኝ። አራቱንም ገጽ እንደገና ሞላሁ። የሻንሲ ቁጥሩን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለቱ መስመር ላይ ስደርስ እንዲህ አልኩ፦ «ሐምሌ ውስጥ ማታ ጠጥቼ ስነዳ ቀይ መብራት ጥሼ መንገድ የሚያቋርጡ ሰው ገጨሁ። እግራቸው ተሰብሯል። ተቀጥቻለሁ።» ሁለቱ መስመር ልክ በቃኝ። አንብበው ማህተሙን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «አሁን ገባኝ» አሉ።

ዋጋው

እውነት ተናግሬ ተሸለምኩ የሚል ታሪክ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አልተሸለምኩም። ፋይሉ ወደ ኃላፊ ሄዶ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ያለ ክሌም፣ ማለትም ካሳ ሳልጠይቅ፣ በቆየሁባቸው ዓመታት ያጠራቀምኩት ቅናሽ ጠፋ። አረቦኑ ከቀድሞው በግማሽ ያህል ጨመረ። ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከኪሴ የምከፍለው ተቀናሽም ከፍ አለ። ሴትዮዋ የመጠጡን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ አስምረው «ይህን አንብበው ይፈርሙ» አሉኝ። እንደገና «እርስዎ» ሆንኩ።

ኤጀንቱ ወዳጄ ሲሰማ ሳቀ። «ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንደዚያ ውድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። የዚያን ዓመት የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ለሦስት ከፍለን ነው የጨረስነው። ስለዚህ «ዋሹ» ብሎ የመከረኝን ሰው ክፉ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። የሚመክረው የቸገረው ሰው ሲያይ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ መድን ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። የሦስተኛ ወገን አዋጁን፣ 799/2005ን፣ ሳነብ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። አዋጁ ሲወጣ ለሞተ ሰው የተጻፈው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለንብረት ጉዳት የተጻፈው ጣሪያ ደግሞ 100,000 ብር። ሦስቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ያን ማታ ከመኪናው ወርጄ ቀድሜ ያየሁት ፓራውልቱን መሆኑ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

እዚያው አዋጅ ላይ የመድን ፈንድ የሚባል አለ። ገጭቶ ያመለጠ ሰው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ወይም መኪናው መድን የሌለው ሲሆን፣ ለተጎጂው የሚከፍለው እሱ ነው። ገንዘቡ ከእኛ ከሁላችን የሦስተኛ ወገን አረቦን ላይ የሚቀነስ ነው። ያቺን ሁለት ሰከንድ ነድቼ ቢሆን ኖሮ ሰውየው የሚካሱት በእናንተ ገንዘብ ነበር። ቦሎ ባደሳችሁ ቁጥር ለእኔ ትከፍሉ ነበር ማለት ነው። አሁንም ለማላውቃቸው ሰዎች እየከፈልን ነው።

ሰውየውን በየተወሰነ ቅዳሜ እጠይቃቸዋለሁ። ሥራቸው ተመልሰዋል፤ ያነክሳሉ። አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ስለ ቅጹ ነገርኳቸው፤ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ደረሰብህና አደረስክ። ብዙ ሳቁ። ከዚያ «እና እኔን የት ጻፍከኝ?» አሉኝ።

«ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ጋሼ።»

«መጀመሪያው ላይ ምን አለ?»

«ድራፍቱና መብራቱ።»

«ጥሩ ነው» አሉ። «ቅደም ተከተሉ ልክ ነው።»

ሰሞኑን ኤጀንቱ ደውሎልኝ ነበር። ቅጹ የሚጠይቀው ያለፉትን ሦስት ዓመታት ነው። ሐምሌ ሲመጣ ሦስት ዓመት ይሞላል። በመጪው ጥር ሳድስ «የለም» ብዬ ብጽፍ ውሸት አይሆንም፤ ቅናሹም ቀስ በቀስ ይመለሳል። «ነፃ ነህ በለኛ!» አለኝ፤ ደስታው ከልቡ ነበር። እኔም በልቤ ስሌቱን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ የሚተርፈኝ ብር ለአንድ ተርም ክፍያ ይበቃል። እጽፈዋለሁ። «የለም» እላለሁ፤ ጥያቄው እንደሱ ነው የሚለው።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሰውየው ደወልኩ። ክረምቱ ገና አልገባም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እግራቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እየጠዘጠዘኝ ነው» አሉ። «ማታ ይዘንባል።»

ዘነበ።